ከገደሉ ጠርዝ እስከ ጅረቱ፦ የኤመሪ ኮልብ የዕለት ጉዞዎችና የሜዳ ቀረጻ ትምህርቱ

በሰሜን አሜሪካ በአሪዞና ግዛት፣ ግራንድ ካንየን በተሰኘው ታላቅ ሸለቆ ደቡባዊ ጠርዝ ላይ፣ ገደሉን ተደግፎ የተሠራ አንድ የእንጨት ቤት ይገኛል። በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ፊልም ከ1915 ጀምሮ እስከ 1976 መጨረሻ ድረስ ለጎብኚዎች ሲታይ ኖሯል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፊልሙ ሁለት ወንድማማቾች በ1911 እና በ1912 በግሪንና በኮሎራዶ ወንዞች ላይ በጀልባ ያደረጉትን ጉዞ ያሳያል። ከወንድማማቾቹ ታናሹ ኤመሪ ኮልብ፣ ከጎልማሳነቱ እስከ ዕለተ ሞቱ ተመልካቹን እየተቀበለ ሲያስተዋውቀው የኖረ ሥራ ነው። በሲኒማ ታሪክ ውስጥ በአንድ ቤት ይህን ያህል ዘመን የታየ ሌላ ፊልም ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ስለ ኮልብ ወንድማማቾች የተጻፉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በድፍረታቸው ላይ ነው። ስለ ተገለበጠ ጀልባ፣ በገመድ ስለ ተንጠለጠለ ካሜራ፣ ስለ ቀዝቃዛና ጭቃማ ወንዝ ይተርካሉ። አቀራረቡ ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነው፤ ከጀልባው ጉዞ በፊት የነበሩትን ስምንት ዓመታት ይዘልላቸዋልና። በእነዚያ ዓመታት ኤመሪ ኮልብ ጠዋት ወርዶ ከቀትር በኋላ የሚመለስ እግረኛ ነበር፤ የሚወርደውም ጀብዱ ሽቶ ሳይሆን ውሃ ፍለጋ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የኤመሪን ሕይወት ከዚህ አቅጣጫ ይተርካል። መከራከሪያውም፣ ሰውየው በሜዳ ላይ መቅረጽን የተማረው በታላቁ ወንዝ ላይ ሳይሆን በየዕለቱ በሚመላለስበት የበቅሎ መንገድና በጅረቶቹ ዳር ነው የሚል ነው።

ወደ ሸለቆው የመጡበት መንገድ

የኮልብ ቤተሰብ ልጆች ያደጉት በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በብረት ፋብሪካዎቿ በምትታወቀው በፒትስበርግ አካባቢ ነው። ታላቁ ኤልስዎርዝ በ1876፣ ኤመሪ ደግሞ በ1881 ተወለዱ። ሁለቱ ወንድማማቾች በጠባያቸው እጅግ ይለያያሉ። ኤልስዎርዝ ቤት የማይበቃው፣ ሥራ እየለቀቀ አገር የሚዞር ሰው ነበር። ኤመሪ ግን ቆጣቢና ጥንቁቅ፣ የያዘውን የማይለቅ፣ ሲከራከሩትም የሚብስበት ሰው እንደ ነበረ የሕይወቱ አካሄድ ሁሉ ይመሰክራል።

የሳንታ ፌ ባቡር ኩባንያ ሐዲዱን እስከ ሸለቆው ጠርዝ ያደረሰው በ1901 ነው። ኤልስዎርዝ በዚያው ዓመት ደርሶ በሆቴል ውስጥ ተቀጠረና በቀጣዩ ዓመት ወንድሙን ጠራው። ኤመሪ ሲመጣ በማዕድን ማውጫ ይቀጠራል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ማውጫው ተዘግቶ ቆየው። ከሸለቆው በስተደቡብ በባቡር መሥመሩ ላይ በምትገኘው በዊልያምስ ከተማ ግን አንድ አነስተኛ የፎቶግራፍ ቤት ይሸጥ ነበርና ወንድማማቾቹ ገዙት። ኤመሪ ፎቶግራፍ ማንሣት የጀመረው ከዚያ በፊት ነው። የሕይወቱን ሥራ የወሰነው ግን የማዕድን ማውጫው መዘጋት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1903 ዕቃቸውን ይዘው ወደ ጠርዙ መጡና ብራይት ኤንጅል በሚባለው መንገድ መግቢያ ላይ ድንኳን ተከሉ። መንገዱ ያን ጊዜ በራልፍ ካሜሮን እጅ ነበር። ይህ ሰው፣ በኋላ በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አሪዞናን የወከለው፣ በማዕድን ይዞታ ስም መንገዱን ይዞ ከሚወርደው እንስሳ ሁሉ ቀረጥ ያስከፍል ነበር። ወንድማማቾቹ ከካሜሮን ጋር ተስማምተው በኬላው አጠገብ ቦታ አገኙ፤ በ1904ም ትንሿን ቤት እዚያው ሠሩ። የቤቲቱ አቀማመጥ የታሰበበት ነው። በበቅሎ ወደ ታች የሚወርድ ጎብኚ ሁሉ በሥሯ ማለፍ ግድ ይለዋል፤ ሲያልፍም ከላይ ሆነው ፎቶግራፍ ያነሡታል። ማታ ሲመለስ ፎቶግራፉ ታጥቦ፣ ታትሞና ደርቆ ከጠበቀው ይገዛል። ካልደረሰ ግን ጎብኚው ወደ ሆቴሉ፣ ከዚያም ወደ ባቡሩ ይሄዳል፤ ገንዘቡም አብሮት ይሄዳል።

ውሃው ያለው ታች ነው

ችግሩ ውሃ ነው። የግራንድ ካንየን ደቡባዊ ጠርዝ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ የኖራ ድንጋይ የተነጠፈበት ደጋ ነው። ዝናቡና በረዶው በድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ ወደ ታች ይወርዳል፤ ውሃ የማያሳልፍ የጭቃ ድንጋይ ንጣፍ ሲያጋጥመው ብቻ በገደሉ ወገብ ላይ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጠርዙ ደረቅ ሆኖ ይቀራል፤ ምንጩም እግር ሥር ይፈስሳል። የባቡር ኩባንያው ለሆቴሎቹ የሚሆነውን ውሃ በታንከር ከሩቅ ያስመጣ ነበር። ከተፎካካሪው ትልቅ ድርጅት ውሃ እየገዙ ነጋቲቭ ማጠብ ለሁለት ድሆች የሚቻል አልነበረም።

በዘመኑ የፎቶግራፍ ሥራ ውሃ ደግሞ የግድ ነው። ብርሃን ያረፈበት የመስታወት ነጋቲቭ በመድኃኒት ከታየና ከጸና በኋላ በብዙ ንጹሕ ውሃ መታጠብ አለበት። መድኃኒቱ በደንብ ካልለቀቀ ምስሉ እያደር ይበላሻል። ውሃው ጭቃ ከሆነም በምስሉ ላይ ነጠብጣብ ይተዋል። የወንድማማቾቹ የመጀመሪያ ጨለማ ክፍል፣ መግቢያው በብርድ ልብስ የተጋረደ የተተወ የማዕድን ጉድጓድ ነበር። ጨለማው በዚህ መንገድ ተገኘ፤ ውሃውን የሚተካ ዘዴ ግን አልነበረም።

መፍትሔው ከጠርዙ በታች 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከ900 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ኢንዲያን ጋርደን የሚባለው ስፍራ ሆነ። በዚያ ከምንጮቹ የሚወርድ ጅረት፣ ጥላ የሚሰጡ ዛፎችና ጥንት የሃቫሱፓይ ሕዝብ ያረሰው ማሳ ነበር። ኮልቦች በጅረቱ አጠገብ አነስተኛ ጨለማ ክፍል ሠሩ። የሥራቸው ቀን የሚከተለውን ይመስል ነበር። ጠዋት የበቅሎዎቹ ቡድን ሲወርድ ከመስኮቱ ሆነው ያነሡታል። ወዲያው ኤመሪ ነጋቲቮቹን ተሸክሞ በዚያው መንገድ እየሮጠ ይወርዳል፤ በመንገድ ላይ ያንኑ ያነሣውን ቡድን ቀድሞ ያልፋል። ጅረቱ ዘንድ ደርሶ ነጋቲቮቹን ያጥባል፣ ያትማል፤ የታተመውን ይዞ ደግሞ ሽቅብ ይሮጣል። በቅሎዎቹ ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ፎቶግራፉ መድረስ አለበት።

ይህ በአንድ ቀን ከ14 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙ የማያንስ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። በሐምሌ ወር በሸለቆው ወለል ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ በጥር ወር የመንገዱ የላይኛው ክፍል በበረዶ ይሸፈናል። ኤመሪ ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ቀጭን ሰው ነበር፤ ይህን መንገድ በክረምትም በሙቀትም ለዓመታት ተመላለሰበት። ውሃ ከኢንዲያን ጋርደን ወደ ጠርዙ በመሣሪያ ግፊት መውጣት የጀመረው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ስለ ጅረቱ ሲነሣ አንድ ነገር መባል አለበት። የኮልቦችን ጽናት የሚያደንቁ ትረካዎች፣ ውሃው የማን እንደ ነበረ ብዙም አይጠይቁም። የሃቫሱፓይ ቤተሰቦች በዚያ ስፍራ በቆሎና ፍራፍሬ ያበቅሉ ነበር። ሸለቆው በ1919 ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ በኋላ የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች በ1928 ከስፍራው እንዲወጡ ተደረገ። ይህን ያደረጉት ኮልቦች አይደሉም። ይሁን እንጂ በጅረቱ ላይ የቆመው ኑሯቸው ከዚህ ታሪክ ውጭ አልነበረም። የስፍራው ስም ሃቫሱፓይ ጋርደንስ ተብሎ የተቀየረው በ2022 ነው።

መንገዱ ያስተማረው

አንድን መንገድ በሺህ ጊዜ የሚቆጠር የሚመላለስ ሰው ከመንገዱ የሚያገኘው ትምህርት ምንድን ነው? በፎቶግራፍ አንሺ ዓይን ሲታይ መልሱ ብርሃን ነው። ጥልቅ ሸለቆ እንደ ሜዳ አይደለም። ፀሐይ በአንዱ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ሌላው ጥላ ውስጥ ነው፤ በታችኛው ጠባብ ክፍል ቀጥተኛ ብርሃን የሚገባው በቀትር አካባቢ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ኤመሪ በሚሠራበት ዘመን የብርሃንን መጠን የሚለካ አስተማማኝ መሣሪያ በእያንዳንዱ አንሺ እጅ አልነበረም፤ መለኪያው ልምድ ነበር። የትኛው ጥምዝ በስንት ሰዓት እንደሚበራ፣ ደመና ሲመጣ ስንት እጥፍ መጨመር እንደሚያስፈልግ፣ ይህን ሁሉ የሚያውቀው በዚያ ሰዓት በዚያ ስፍራ ደጋግሞ ያለፈ ነው።

ሌላው ችግር የቀለም ነው። የጊዜው ነጋቲቭ ለሰማያዊ ብርሃን እጅግ ስስ፣ ለቀይ ግን ዕውር ነበር ማለት ይቻላል። የግራንድ ካንየን ግድግዳ ደግሞ ቀይ ነው፤ ሰማዩም ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ዓይን የሚያየውና መስታወቱ የሚይዘው አይገጥሙም። ለዓይን የሚያበራው ቀይ ገደል በምስሉ ላይ ይጠቁራል፤ ደመና ያለበት ሰማይ ነጭ ወረቀት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ልዩነት ከመጽሐፍ ማወቅ ይቻላል፤ ማሰልጠኛው ግን ጠዋት ያነሡትን በዚያው ቀን እያጠቡ ማየት ነው። የኤመሪ ዕድል እዚህ ላይ ነበር። የንግዱ ጥድፊያ፣ ሳያስበው፣ ያነሣውን በሰዓታት ውስጥ እንዲመረምር አስገደደው። ዛሬ በዲጂታል ካሜራ ሜዳ የሚወጣ ተማሪ ያነሣውን ወዲያው ያያል፤ በዚያ ዘመን ግን በሜዳ የሚሠሩ ብዙ አንሺዎች ስሕተታቸውን የሚያዩት ከሳምንታት በኋላ ከተማ ሲመለሱ ነበር።

ሥራው ቀለል ባለ ጊዜ ወንድማማቾቹ ከዋናው መንገድ እየወጡ ገባር ጅረቶችን ተከትለው ይጓዙ ነበር። ኮሎራዶን የሚገብሩት ትንንሽ ሸለቆዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጠባይ አላቸው። አንዳንዱ ዓመቱን ሙሉ ይፈስሳል፤ አንዳንዱ ከዝናብ በኋላ ብቻ ድንገት ሞልቶ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ይወስዳል። በ1908 በክሊር ክሪክ ጅረት አካባቢ ባደረጉት አሰሳ ቼያቫ የሚባለውን፣ 240 ሜትር ገደማ የሚወርደውን ፏፏቴ በፎቶግራፍ አስቀርተዋል። ይህ ፏፏቴ የሰሜኑ ጠርዝ በረዶ ሲቀልጥ ጎልቶ የሚታይ፣ በሌላው ጊዜ የሚመነምን ወይም የሚጠፋ ነው። እንዲህ ያለውን ስፍራ ለመቅረጽ መድረስ ብቻ አይበቃም፤ በወቅቱ መድረስ ያስፈልጋል።

በእነዚህ ዓመታት ከተነሡት ውስጥ እጅግ የታወቀው ፎቶግራፍ፣ አንዱ ወንድም በሁለት አለቶች መካከል ቆሞ ገመድ ሲይዝ፣ ሌላው ካሜራውን ይዞ በገደሉ ላይ ሲንጠለጠል የሚያሳየው ነው። ምስሉ ስለ ድፍረታቸው ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል፤ ለእኔ ግን ስለ ንግዳቸው ይበልጥ ይነግረኛል። ሁለቱም በምስሉ ውስጥ ካሉ፣ ሌላ ካሜራ ከፊት ለፊት ተተክሎ፣ ስፍራውም ሰዓቱም ተመርጦ ነበር ማለት ነው። ኮልቦች ሥራቸውን ብቻ ሳይሆን ራሳቸውንም መቅረጽ እንደሚሸጥ ቀድመው ተረድተዋል።

ኤመሪ በ1905 ብላንሽ ቤንደርን አገባ። በ1908 ኢዲት የተባለች ሴት ልጅ ወለዱ። ብላንሽ የሽያጩንና የሒሳቡን ሥራ ትሠራ ነበር። በገደል ላይ በተሠራ ቤት ልጅ ያሳደገችው ይህች ሴት በወንድማማቾቹ ታሪክ ውስጥ ከስሟ በቀር ብዙ አትጠቀስም፤ እነርሱ በወንዙ ላይ ሳሉ ግን ቤቱን ክፍት አድርጎ የሚያቆይ ሰው ማስፈለጉ ግልጽ ነው።

መዘውርና ወንዝ

በኮሎራዶ ወንዝ ላይ የተደረገው ጉዞ አዲስ አልነበረም። ጆን ዌስሊ ፓወል በ1869 ወንዙን ወርዶታል፤ ከእርሱም በኋላ ጥቂት ቡድኖች አልፈውበታል፤ ፎቶግራፍም ተነሥቷል። ያልነበረው ተንቀሳቃሽ ምስል ነው። ኮልቦች ይህን ክፍተት አዩ። ከመነሣታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ የፊልም ካሜራ አገኙ፤ በካሜራው ላይ የነበራቸው ልምድ ግን ከምንም የሚቆጠር አልነበረም። በጀልባ ቀዘፋም ቢሆን ልምዳቸው ከዚያ ብዙ አይሻልም።

መስከረም 8 ቀን 1911 ከዋዮሚንግ ግዛት፣ ከግሪን ሪቨር ከተማ በሁለት ጀልባዎች ተነሡ። የኤመሪ ጀልባ በልጁ ስም ኢዲት ተባለች፤ የኤልስዎርዝ ዲፋያንስ ትባል ነበር። ጀልባዎቹ ውሃ የማያስገቡ ክፍሎች ነበሯቸው፤ ፊልሙና መስታወቱ በእነዚያ ውስጥ ተቀመጠ። ጄምስ ፌገን የተባለ ረዳት አብሯቸው ተነሥቶ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትቷቸው ሄደ። ሁለት ሰዎች፣ ሁለት ጀልባዎችና አንድ የፊልም ካሜራ ቀሩ።

የፊልሙ መልክ የተወሰነው በዚህ ቁጥር ነው። የዚያ ዘመን ካሜራ በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ተተክሎ በእጅ መዘውር የሚዞር ሲሆን፣ በሰከንድ ሁለት ዙር ገደማ ሲዞር 16 ያህል ምስሎችን ይይዛል። የሚያዞረው እጅ ሌላ ሥራ መሥራት አይችልም። ስለዚህ ወንዙ በድንጋይ መካከል እየተናወጠ በሚወርድባቸው ማዕበላማ ሥፍራዎች ሁሉ አንዱ ወንድም ዳር ላይ ቆሞ መዘውሩን ሲያዞር ሌላው ብቻውን ይቀዝፋል። ጀልባው ቢገለበጥ፣ ዳር ያለው ሰው ሁለት ግዴታዎች አሉበት፤ ቀረጻውን መቀጠልና ወንድሙን ማዳን። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መፈጸም አይቻልም። እጁ በድንጋጤ ቢፈጥን እንኳ ውጤቱ በፊልሙ ላይ ይታያል፤ በፍጥነት የተቀረጸ ምስል በተለመደው ፍጥነት ሲታይ ይንቀራፈፋልና።

ይህንን ችግር ከሌሎች ጀማሪዎች በተሻለ የተሸከሙት ለምንድን ነው? በእኔ እምነት መልሱ በበቅሎ መንገዱ መስኮት ላይ አለ። ለስምንት ዓመታት የኤመሪ ሥራ የሚንቀሳቀስ ነገር ወደሚያልፍበት ስፍራ ካሜራውን አስቀድሞ መትከል፣ ብርሃኑን መገመት፣ ከዚያም መጠበቅ ነበር። በወንዙም ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። ከመቅዘፋቸው በፊት ማዕበላማውን ሥፍራ ከዳር በእግር ይመረምሩታል። ጀልባው የት እንደሚገባ፣ የት እንደሚወጣ ይተልማሉ፤ ካሜራውም በዚያው ትልም መሠረት ይቆማል። ለደኅንነት የሚደረገው የእግር ቅኝትና ለቀረጻ የሚደረገው ዝግጅት አንድ ሥራ ሆኑ። ከዳር የተቀረጸው ትዕይንት ጀልባውን ትንሽ፣ ወንዙን ትልቅ አድርጎ ያሳያል፤ ተመልካቹም የውሃውን ልክ የሚረዳው በዚህ ነው። ካሜራው በጀልባው ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይህ ንጽጽር ባልተገኘ ነበር።

ጉዞው ቀላል አልነበረም። ጀልባ ተሰበረ፣ ተጠገነ፤ ፊልምና መስታወት በውሃ ራሰ፣ እንዲደርቅ ተሰጣ። በዚያ ዘመን ፊልም የሚሠራው በቀላሉ ከሚቀጣጠል ናይትሬት ነበርና በእሳት ዳር ማድረቅ አይታሰብም። ኅዳር 16 ቀን ብራይት ኤንጅል መንገድ ግርጌ ደረሱ። ከሁለት ወራት በላይ የወሰደው የወንዝ ጉዞ ኤመሪ ለዓመታት ከተመላለሰበት ከዚያው ዳገት ሥር አደረሳቸው። ብላንሽ ታማ ስለ ነበር ጉዞው ለአንድ ወር ተቋረጠ። ታኅሣሥ 19 ቀን ኸበርት ሎዞን የተባለ ሰው ጨምረው እንደገና ተነሡ። ከጥቂት ቀናት በኋላም የኢዲት ጎን በድንጋይ ተበስቶ የገናን በዓል በአሸዋ ላይ ሲጠግኗት ዋሉ። ጥር 18 ቀን 1912 ካሊፎርኒያ ግዛት ኒድልስ ደረሱ። ኤልስዎርዝ በቀጣዩ ዓመት ከዚያ ተነሥቶ እስከ ካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ወረደ፤ መላውን ጉዞ የያዘውም መጽሐፉ በ1914 ታተመ። በዚያው ዓመት ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የወንድማማቾቹን ጽሑፍ ከብዙ ፎቶግራፎች ጋር አወጣ።

ቤቱና ጠቡ

ኤመሪ ፊልሙን ይዞ ወደ ምሥራቃዊ ከተሞች ሄዶ በአዳራሾች አሳየ። ፊልሙ ድምፅ አልባ ስለ ሆነ ተራኪው በአካል መቆም ነበረበት፤ ኤመሪ በዚህ ሥራ የተሳካለት ሆነ። በ1915 ቤቱ ሰፋ፤ የማሳያ አዳራሽም ተጨመረለት።

ያን ጊዜ ፉክክሩ ከርሮ ነበር። ከባቡር ኩባንያው ጋር የሚሠራው የፍሬድ ሃርቪ ድርጅት በ1905 ትልቁን ኤል ቶቫር ሆቴል ከፍቷል። በ1914 ደግሞ በአርክቴክት ሜሪ ኮልተር ንድፍ ከኮልቦች ቤት ብዙም ሳይርቅ ሉክአውት የተባለውን የመመልከቻና የፎቶግራፍ ቤት ሠራ። ከሆቴሉ የሚመጣ ጎብኚ መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን ነው። ፓርኩ ሲቋቋም ደግሞ ኮልቦች በራሳቸው በሠሩት ቤት ለመነገድ የመንግሥት ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው ሆኑ። ኤመሪ ከባለ ሥልጣናቱም ከተፎካካሪዎቹም ጋር ለአሥርተ ዓመታት ተሟገተ። ግትርነቱ ብዙ ጠላት አፈራበት፤ ቤቱን ያቆየለት ግን ያው ግትርነት ነው። በዚህ ነጥብ ላይ የሚነቅፉት ጸሐፊዎች ቢኖሩም፣ እሺ ባይ ሰው በዚያ ጠርዝ ላይ እስከ 1920 እንኳ አይቆይም ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ከሁሉ የከፋው ጠብ ከወንድሙ ጋር የተደረገው ነው። ኤልስዎርዝ የዕለት ተዕለቱ ንግድ ሰልችቶታል፤ ኤመሪ ደግሞ ሸክሙ በእርሱ ላይ እንደ ወደቀ ይሰማው ነበር። በ1924 ሽርክናቸው ፈረሰ። ማን ይቆይ፣ ማን ይሂድ የሚለው በሳንቲም ዕጣ እንደ ተወሰነ ይነገራል። ኤመሪ ቀረ፤ ኤልስዎርዝ በየወሩ ክፍያ እየተላከለት ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። በወንዙ ዳር አንዱ ለሌላው ሕይወቱን አደራ የሰጠበት ፊልም ግን በየቀኑ መታየቱን ቀጠለ። ኤመሪም ወንድሙን በሸራው ላይ ሲቀዝፍ እያየ ለእንግዶች ይተርክ ነበር።

አንድ ጊዜ ወንዙ እንደገና አገናኛቸው። በ1928 መገባደጃ ግሌንና ቤሲ ሃይድ የተባሉ አዲስ ተጋቢዎች በራሳቸው ጀልባ ኮሎራዶን ሲወርዱ ጠፉ። ጥንዶቹ ከመጥፋታቸው በፊት ወደ ጠርዙ ወጥተው ኤመሪን አግኝተውት ነበር። ኤመሪና ኤልስዎርዝ ከአንድ የፓርክ ጠባቂ ጋር አሮጌ ጀልባ ጠግነው ፍለጋ ወጡ። የጥንዶቹ ጀልባ ዕቃዋን እንደ ያዘች፣ ሳትገለበጥ ቆማ ተገኘች፤ ሰዎቹ ግን እስከ ዛሬ አልተገኙም።

የቀሩትን ዓመታት በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ኤመሪ በ1923 የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ወንዙን ሲለካ የጀልባዎቹ መሪ ሆኖ ተጉዟል። በ1960 ብላንሽም ኤልስዎርዝም አረፉ። በ1962 ቤቱን ለፓርኩ አስተዳደር ሸጠ፤ በሕይወት እስካለ ድረስ እንዲኖርበትና እንዲሠራበት የሚፈቅድ ውል ነበር። ፊልሙን በየዕለቱ ማሳየቱን አላቋረጠም። ተመልካቹ በአውቶሞቢልና በአውሮፕላን የሚመጣ፣ ቴሌቪዥን ያየ ትውልድ ሆኗል፤ ሽማግሌው ግን ወጥቶ ስለ 1911 ይነግረው ነበር።

ኤመሪ ኮልብ ታኅሣሥ 11 ቀን 1976 በ95 ዓመቱ ሞተ፤ የፊልሙም የዕለት ትርኢት ከእርሱ ጋር አበቃ። መቃብሩ ከወንድሙና ከሚስቱ ጋር በጠርዙ መንደር ውስጥ ነው። ነጋቲቮቹ፣ ደብዳቤዎቹና የፊልም ጥቅልሎቹ በሰሜን አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ክላይን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ለተመራማሪዎች ክፍት ናቸው። የሥራው መሠረት ግን የወንዙ ምስሎች ሳይሆኑ፣ በበቅሎ ተቀምጠው ወደ ላይ የሚያዩ፣ ጠዋት ተነሥተው ማታ የተሸጡ የጎብኚዎች ፎቶግራፎች ነበሩ።